እማ የፈለገችው ቆርቆሮ

እናቴና ባለቤቴ እስከ ዛሬ «አንቱ» ይባባላሉ። እሱ እሷ ባለችበት እግሩን አነባብሮ አይቀመጥም፤ እሷም እሱ ሲገባ ሻሿን ሳታስተካክል ቃል አይወጣትም። ወሎ ውስጥ አማትና አማች እንዲህ ናቸው። እዚህ የተወለደችው ትንሿ ልጄ ይህን እያየች ግራ ይገባታል።

«ማሚ፣ ዳዲና አያዬ ተጣልተዋል እንዴ?»

«አልተጣሉም፤ ተከባብረው ነው።»

«ሶ፣ ለምን አያወሩም?»

ልጅቱ አልተሳሳተችም። መከባበራቸው ከመጠን አልፎ አንዱ ከሌላው አንድ ነገር ጠይቆ አያውቅም። እሷ ሻይ ቢያምራት ለእኔ በጆሮዬ ትነግረኛለች፤ እሱም ጨው የበዛበት ወጥ ብታቀርብለት «እናቴ እጅዎ ይባረክ» ብሎ ሙልጭ አድርጎ ይበላል።

እማ ወደ አትላንታ የመጣችው ለዓይኗ ነበር። የዓይን ግፊት አብዛኛውን ብርሃኗን ወስዶ ጥላና ወገግታ ብቻ ትቶላታል። ሐኪሟ ጠብታው በየቀኑ ሳይቋረጥ ከገባላትና በየጊዜው ከታየች የቀረውን ማቆየት ይቻላል ብሎናል። ወንድሜ ኮምቦልቻ ነው፤ ሥራው ከቤት ያርቀዋል፤ ጠብታውንም እንደ ልብ አያገኘውም። እዚያ ብትመለስ ያቺም ወገግታ እንደምትሄድ ሁላችንም እናውቃለን፤ እሷም ታውቃለች።

ቤታችን ከአቮንዴል እስቴትስ ወደ ፓይን ሌክ ሲወርዱ ዛፍ ከበዛበት ሰፈር ውስጥ ነው። እኔ ዲኬተር ሕፃናት ማቆያ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይውላሉ። እማ ቀኑን ብቻዋን ነች፤ ሥራ ፈትታ ግን አትውልም። ሥራዋ ዱአ ነው። አገር ቤትም ሰው በሯን የሚያንኳኳው ለዚሁ ነበር፤ እዚህም ወሬው ደርሶ ሴቶቹ ይደውሉላታል። አንዷ ወረቀቷ እንዲያልቅላት፣ አንዷ ልጅ እንዲሰጣት፣ አንዷ ደግሞ መንጃ ፈቃድ ፈተና አልፍ ዘንድ ትላለች። እማ «አብሽሪ፣ ኢንሻአላህ» ብላ የሁሉንም በልቧ ትይዛለች። ዝናብ ሲወርድ ታደርሰዋለች። ዝናብ ሲወርድ የተደረገ ዱአ አይመለስም ብለው አባቶቿ አስተምረዋታል። አገሯ ሳለች የመጀመሪያዋ ጠብታ ቆርቆሮውን ስትመታ እጇ ላይ ያለውን ጥላ መዳፏን ትዘረጋ እንደነበር ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ።

እዚህ ግን ዝናቡ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ እሷ አትሰማም። ጣሪያው ሺንግል ነው፤ በሬንጅና በጠጠር የተሠራ ስስ ንጣፍ። ከሥሩ ኮምፔንሳቶ፣ ከኮምፔንሳቶው ሥር እንደ ጥጥ የታጨቀ የብርድ መከላከያ። መስኮቱም ድርብ መስታወት ነው። እርጥብ ልብሴን ይዤ ስገባ በእጇ ትዳስሰኛለች።

«ዘነበ እንዴ?»

«ዘነበ እማ።»

«የዛሬውም አለፈኝ በያ።»

ስልክ ልደውልላት ሞከርኩ። «እማ፣ እየዘነበ ነው» እላታለሁ ከዲኬተር፤ ለካስ እኛ ቤት ፀሐይ ነው። «ልጄ፣ የሰውን ዝናብ ለእኔ አታድርጊ» ብላ ሳቀችብኝ። የጓሮውን በር ከፍታ ትቀመጥ ጀመር፤ አንድ ቀን ብርድ መትቷት አገኘኋት። ያኔ ነው የፈራሁትን ያመጣችው።

«ወንድምሽ ጋ ልመለስ። ብርዱ ሳይገባ።»

«ዓይንሽስ?»

«ዓይኔ ምን ያደርግልኛል፣ ሰው የሰጠኝን አደራ ሳላደርስ እየዋልኩ?»

በዚያው ሰሞን በስተደቡብ ካለው ባሕረ ሰላጤ የተነሣ ማዕበል የባሕሩን ዳርቻ ደብድቦ ወደ እኛ ዘለቀ። አትላንታ ሲደርስ ተዳክሟል አሉ። ተዳክሞ ያደረገውን ግን እኔ አየሁት፤ ማለዳ ነፋሱ ሺንግሉን እንደ ዓሣ ቅርፊት ገፎ ግቢው ውስጥ በተነው። በኮሪደሩ ኮርኒስ ውሃው ገባ፤ እኔ ባልዲ ይዤ እየሮጥኩ እማ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ታዳምጣለች።

«አጃኢብ! ይህ ቤት አፍ አለው ለካ!»

የኢንሹራንሱ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ አየና ጣሪያው በሙሉ ይቀየር አለ። ሥራውን የያዘው ሰውዬ ሳቫና፣ ባሕሩ አጠገብ፣ ዕድሜውን ሙሉ ጣሪያ ሲከድን የኖረ ሽበታም ፈረንጅ ነበር፤ ማዕበሉን ተከትሎ ሠራተኞቹን ይዞ ወደ እኛ ወጥቷል። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ናሙናዎቹን ደረደረ። ባለቤቴ እማን ጠራት።

«እናታችን ይምረጡ። እርስዎ የሚሉት ይሆናል።»

«ኧረ የኔ ጌታ፣ እኔ በሰው ክዳን ምን አውቄ።»

ያም ሆኖ ጣቶቿ ናሙናውን መዳሰስ ጀመሩ። ሺንግሉን ዳሰሰች፣ አለፈችው። ቀጥሎ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነገር ላይ ቆሙ። ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ቆርቆሮ ነው?»

«ነው እማ።»

ሰውየው ባሕሩ አጠገብ ያሉ ሰዎች በየማዕበሉ ሺንግል መልቀም ሲሰለቻቸው ወደዚህ እንደሚዞሩ ያስረዳል። እማ ተነሥታ ክፍሏ ገባች። ተከተልኳት።

«ቆርቆሮው ቢሆን ዝናቡን እሰማው ነበር» አለች። «ለእሳቸው ግን እንዳትነግሪ።»

«ለምን?»

«ምን ልበላቸው? ያስጠለሉኝን ሰው ‹ቤትዎ ደንቆሮ ነው› ልበል? ነውር ነው! ወላሂ በይ።»

«እማ…»

«ወላሂ በይ አልኩሽ።»

ወላሂ አልኩ። ከዚያ በኋላ አፌ ታሰረ። ለባለቤቴ የነገርኩት «ቆርቆሮውን ወዳዋለች» የሚለውን ብቻ ነበር።

«እናታችን ከወደዱትማ አለቀ!» አለ፤ ደስታው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። የታክሲ ጓደኞቹ አላገጡበት። «አሜሪካ ድረስ መጥተህ ቆርቆሮ? ግድግዳውንስ መቼ ነው ጭቃ የምትመርገው?» ሲሉት፣ «እናንተ ሺንግል ልቀሙ» እያለ ይመልስላቸዋል።

ሠራተኞቹ የመጡት እኛ ፈጅር ሰግደን ገና ሳንበተን ነው። አሮጌውን ሺንግል በአካፋ እየፋቁ አወረዱት፤ የበሰበሰውን ኮምፔንሳቶ ነቅለው አዲስ መቱ፤ ላዩን ውሃ በማያስገባ ወፍራም ንጣፍ ሸፈኑት፤ መጋጠሚያውን ሁሉ አሸጉት። ቤቱ ቀኑን ሙሉ ሲናወጥ ዋለ። እማ ክፍሏ አልተቀመጠችም።

«ክዳን የሚከድን ሰው እጄን ሳይቀምስ ከላዬ ሊወርድ? አይሆንም!» ብላ ወጥ ቤት ገባች። እኔ ከተፍኩ፣ እሷ በማሽተት አዘዘች። ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ ሠራተኞች ሩዙን በሚጥሚጣ እያደረጉ ሲበሉ አንዱ እያለቀሰ ሳህኑን ደግሞ ዘረጋ። «ሳቅ ነው ልቅሶ?» ትለኛለች እማ። «ሁለቱም ነው» አልኳት።

ከምሳ በኋላ ባለቤቴ ሽበታሙን ሰውዬ ወደ ጎን ወስዶ በእማ ክፍል አቅጣጫ እያመለከተ ሲያወራው አየሁ። ሰውየው አውራ ጣቱን አሳየው። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም። ከዚያ ቆርቆሮው ወጣ፤ ሉሁ ከሉሁ ጋር ጠርዝ ለጠርዝ ተነካክሶ፣ ነፋስ ጥፍሩን የሚያስገባበት ሳይገኝለት ተገጠመ። የዝናቡ ቀለም ያለው የሚያምር ጣሪያ ሆነ። እማ የመጨረሻዋን የመዶሻ ድምፅ ሰምታ «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ አገር ቤት በቆርቆሮው ሥር እንደማውቃት መዳፏን ጭኗ ላይ አድርጋ መጠበቅ ጀመረች።

ዝናቡ የመጣው ቅዳሜ፣ ከዙሁር በኋላ ነው። መስታወቱ ላይ አየሁትና ወደ ክፍሏ ሮጥኩ። መስገጃዋ ላይ ተቀምጣ ተስቢሕ ታደርጋለች፤ ፊቷ ምንም አልተለወጠም። ወደ ላይ አንጋጥጬ አዳመጥኩ። ምንም የለም። ዝናቡ ውጭ ያፈሳል፣ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የተስቢሑ ጠጠር ነው። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆመ፤ ደስታው ከፊቱ አልፎ ጆሮው ደርሷል።

«እናቴ፣ እየዘነበ ነው እኮ! ሰሙ?»

«አልሰማሁም፣ የኔ ጌታ።»

«አዎ! ትንፍሽ አይልም! ቆርቆሮ ይጮኽብዎታል ብዬ ከእርስዎ ክፍል በላይ ድምፅ ማፈኛ አስደረብኩ። ሁለት እጥፍ!»

እማ ተስቢሗን አስቀመጠች። ከዚያ ሁለት እጇን አነሣች። «አላህ ይስጥልኝ። አላህ ጀነትን ቤትዎ ያድርግልዎ» አለችው፤ ከልቧ ነበር፤ ድምፅዋን አውቀዋለሁ። እሱ ሲወጣ ወደ እኔ ዞረች።

«ለወንድምሽ ደውዪለት። ትኬት ይቁረጥልኝ በዪው።»

አልደወልኩም። ደወልኩም አላልኳት። በማግሥቱ አይደለም በሳልስቱ፣ ሽበታሙ ሰውዬ የወዳደቀ ሚስማር ሊለቅም ማግኔት ያለው መግፊያ እየገፋ ሣሩ ላይ ይመላለስ ነበር። ካፊያ አለ። እማ የጓሮው በር ላይ ቆማ ክንዷን ወደ ውጭ ዘርግታ መዳፏን ገልብጣለች። ባለቤቴ ከታክሲው ወርዶ አያት።

«እናቴ ይግቡ፣ ብርድ ነው። ምን ፈለጉ?»

«ምንም።»

ወደ እኔ ዞረ። «ምንድን ነው?»

«እኔ ምያለሁ፤ እሷን ጠይቃት።»

ጠይቋት አያውቅም። በሩ ደፍ ላይ፣ እግሯ ሥር፣ የሥራ ሱሪውን እንደለበሰ ቁጭ አለ።

«እናቴ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ። ቤቴ ምን ጎደለው?»

በአላህ የተያዘ ሰው ምን ያደርጋል። እማ ሻሿን ወደ አፏ ሳበች። «ዝናቡን… ልሰማው ነበር የፈለግሁት። የሰው ዱአ እንዳያልፈኝ።»

ባለቤቴ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። «ያረቢ! እኔ ደግሞ ሁለት እጥፍ አፈንኩብዎት!»

እማ ሳቀች። በሻሿ ልትሸፍነው ሞከረች፣ አልቻለችም። እሱ ፊት ጥርሷ ሲታይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አየሁ።

ሰውዬውን ጠራውና ነገሩን አስረዳው። ሰውዬው ኮፍያውን አወለቀ። «ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ሁሉ ‹ድምፁን አጥፋልኝ› ሲለኝ ኖሬአለሁ» አለ፤ «‹ጨምርልኝ› ያለኝ የለም።» ከዚያ የእማን መስኮት፣ ቀጥሎም ከመስኮቱ ሥር ያለችውን አሮጌ በረንዳ አየ። ከጣሪያው የተረፈ ቆርቆሮ መኪናው ላይ ነበረው። የበረንዳዋን ክዳን አንሥቶ ኮምፔንሳቶም ንጣፍም ሳያደርግ በማገር ላይ ብቻ ቆርቆሮውን መታው፤ ማዕበል እንዳያነሣው ግን ማገሩን ከምሰሶው ጋር በብረት ጠፍር አሰረ፤ ባሕሩ አጠገብ እንደዚህ ነው የምናስረው እያለ። ሲጨርስ ጣቱን ነክሮ ውሃ ረጨበት። እማ ከክፍሏ «ኧረ!» አለች።

ከዚያ ወዲያ የሚዘንበውን ከእኔ ቀድማ የምታውቀው እሷ ሆነች። ዲኬተር ትደውልልኛለች፦ «እዚህ ጀምሯል፤ እናንተ ጋስ?»

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ፊቷ በርቶ ጠበቀኝ። «ዛሬስ አዘነበው! ሲቆም ሲጀምር ዋለ። የሁሉንም አደረስኩ፤ የዚያችንም የመንጃ ፈቃዷን!» ጠዋት ከቤት ከወጣሁ እስከ ማታ ሰማዩ ላይ የእጅ መዳፍ የምታክል ደመና አላየሁም ነበር። ጓሮ ወጣሁ። የጎረቤታችን ትልቅ የኦክ ዛፍ ቅርንጫፉን በበረንዳዋ ላይ ዘርግቷል፤ ደረጃው ሁሉ ኮፍያ የደፋ ጠንካራ ፍሬው ፈስሶበታል። እኔ ቆሜ ስመለከት አንዷ ወረደችና ቆርቆሮውን መታችው።

እኔ ዝም ልል ነበር። ባለቤቴ ግን ውሸት አይሆንለትም፤ እፍኝ ሙሉ ለቅሞ ገባ።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ዝናብ አይደለም። ይኼ ነው።»

እማ ፍሬዎቹን መዳፏ ላይ አንከባለለቻቸው፤ የአንዷን ኮፍያ በጥፍሯ አወለቀች።

«ይቺ ናት ያስነሣችኝ?»

«ነገ ጎረቤቱን አነጋግሬ ቅርንጫፉን አስቆርጠዋለሁ።»

«አይቁረጡት!» አለች።

ባለቤቴ ደነገጠ። እሷ እሱን አድርግም አታድርግም ብላው አታውቅም።

«ያታልልዎታል እኮ፣ እናቴ።»

«ያታልለኝ። ጠብ ባለ ቁጥር አላህን ብጠራ ምን እከስራለሁ? የሚሰማው የዝናቡን ነው የኔን?» ፍሬዎቹን ጉያዋ ውስጥ ጨመረቻቸው።  «ደግሞ በረንዳው ላይ ወንበር ያድርጉልኝ። መደገፊያ ያለው። ብርዱ ሲገባ የምደርበው ወፍራም ነገርም ይፈልጉልኝ፤ ይህ የልጄ ነጠላ አያሞቅም።»

«እሺ እናቴ» አለ። «እሺ። ዛሬውኑ።»

ወንበሩን ሊፈልግ ሲወጣ የጫማውን ክር እንኳ አላሰረም።