ሻምበል ከማን እጅ ይበላል

ስልኩ ሲጮኽ ዙለይኻ ስኳር እየመዘነች ነበር። የደወለው የሺዋስ ነው፤ የጎረቤቷ የእትዬ አስካለማርያም የወንድም ልጅ፣ ሳሪስ የሚኖረው። አክስቱን ሐኪም ቤት ያስገባትም እሱ ነው።

«እትዬ ዙለይኻ፣ ሱቅ ነዎት?»

«አዎ። እንዴት አደረች?»

የሺዋስ «ጋሽ ሱፍያን አጠገብዎ አሉ? እስቲ እሳቸውን ያቅርቡልኝ» አለ።

ዙለይኻ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። መርዶ እንዲህ በስልክ ለወዳጅ አይነገርም፤ ባሏ ለምን እንደተፈለገ ገብቷታል። ስልኩን ሰጠችው። ስኳሩን መዝና ጨረሰች፣ ላስቲኩን ቋጠረች፣ ለደንበኛዋ አቀበለች። ሱፍያን «ኢናሊላሂ» ሲል ሰማችው። መጀመሪያ ወደ ሐሳቧ የመጣው ግን የጎረቤቷ ውሻ ነበር። ጠዋት ያስቀመጠችለት ምግብ እንዳለ ተቀምጧል።

አስካለማርያም የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነበረች። አባቷ አቃቂ ጣቢያ ሐዲድ ላይ ሠርተው ያረጁ ሰው ናቸው፤ እሷም ዕድሜዋን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማሽን ፊት ቆማ ጨርሳ በጡረታ ወጣች። የማሽኑ ጩኸት ጆሮዋን ስለወሰደባት ስትናገር የተጣላች ይመስላል። «እንደምን አደርሽ?» ስትል መንገደኛው ዞር ብሎ ያያል። ባሏ ቀጀላ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ከሞተ ቆይቷል። ልጅ አልወለዱም። ማረሚያ ቤቱ አጠገብ ለጠያቂዎች ምግብ የምትሸጥ አንዲት ሴት ጓሮ አስካለ ቡችላ አይታ አላስችል አላት፤ በዘንቢል ይዛው መጣች። ቡችላው ከፍ ሲል በር ላይ እየተቀመጠ የሚገባ የሚወጣውን ከእግር እስከ ራሱ ይመረምር ጀመር። ስለዚህ ሻምበል አለችው።

ዙለይኻ ደግሞ የድመት ሰው ናት። ድመቷ ከስኳር ጆንያ ላይ በቀር ስለማትተኛ ስሟም ስኳር ነው። ከውሻ ግን ትርቃለች፤ የስልጤ ልጅ ናት፣ የውሻ ምራቅ ልብሷን ከነካው አጥባ ካልሆነ በዚያ ልብስ መስገድ አይሆንላትም። አስካለ ይህን ስለምታውቅ ዙለይኻ በመጣች ቁጥር አስቀድማ ሻምበልን ታስረዋለች። ከዚያ በተረፈ የእንስሶቹ ነገር የሁለቱም ነበር። ስኳር ሆዷን ባመማት ጊዜ፣ «ወተቱን ተዪው! ትልቅ ድመት የሚበጃት ውሃ ነው!» ብላ የጮኸችው አስካለ ናት። የትል መድኃኒት ሲደርስ አንዷ ድመቷን በቅርጫት ሸፍና፣ ሌላዋ ውሻዋን በገመድ እየጎተተች ዶክተር ለሜሳ ክሊኒክ አብረው ይሄዳሉ። ሁዳዴ ሲገባ አስካለ ቤት ሥጋ ስለማይሠራ ሻምበልም ሳይወድ ይጾማል፤ ያኔ አጥንት የምትልክለት ዙለይኻ ናት። በረመዳን ዙለይኻ ቀን ላይ ጋደም ስትል ለስኳር ምሳ የምታቀርበው አስካለ ናት። ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች አንድ ላይ መጡ።

አንድ ሰሞን ሌቦች መርዝ ያለበት ሥጋ በአጥር እየወረወሩ የሰፈሩን ውሻ ጨረሱት። አስካለ እንቅልፍ አጣች።

«ዙሌ፣ አንቺ ሌባ ሁኚልኝ» አለቻት አንድ ከሰዓት።

«ምን?»

«በሩ ጋ ቁሚና ሥጋ አሳዪው። ሊበላ ሲል እኔ እቆጣዋለሁ። ከእኔ እጅ በቀር እንዳይቀምስ ላስተምረው ነው።»

«ይሄ ሁሉ ሰው እያለ ሌባ የምመስልሽ እኔ ነኝ?»

«ሌላውንማ ባቆም ሥጋውን ራሱ ይበላብኛል!»

ዙለይኻ ቁራጭ ሥጋ በዱላ ጫፍ ሰክታ፣ ቀሚሷን ሰብስባ በሩ ላይ ቆመች። «ና ሻምበል፣ ና የኔ ቆንጆ» ትላለች። ሻምበል አፍንጫውን ሲያስጠጋ አስካለ በዚያ የፋብሪካ ድምጿ «ተው!» ስትል ከውሻው ይልቅ የምትደነግጠው ዙለይኻ ናት፤ ሥጋውንም ዱላውንም ትጥላለች። ሱፍያን ከሱቁ ደጃፍ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እንዲህ ሲደጋገም ሻምበል ገባው። ዙለይኻ ምግብ ይዛ ብቅ ካለች ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ጀመር። የምትልከውንም አጥንት አስካለ ተቀብላ ራሷ ካልሰጠችው አይነካም። «ሌባዋ መጣች» የሚለው የሱፍያን ቀልድ ከዚያ ወዲህ አልቀረም።

ለቅሶው ሲሆን እድሩ አስካለ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተከለ። ሻምበልን ከማድ ቤቱ ጀርባ አሰሩት። ለቀስተኛው ሁሉ እያዘነለት እንጀራም ዳቦም ይወረውርለታል፤ እንደበላ የሚያረጋግጥ ግን አልነበረም። ድንኳኑ ተነቅሎ ሰው ሲበተን ዙለይኻ ወደ ጓሮ ዞረች። ምግቡ ተከምሮ ዝንብ ወሮታል። ሻምበል አገጩን መሬት ላይ አድርጎ ተኝቷል፤ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ውሃ ቀዳችለት፣ ጠጣ። ዳቦ ስታሳየው ፊቱን አዞረ።

የሺዋስ መጥቶ አብሯት ቆሞ አየው።

«ቤቱን ላከራየው ነው፤ የሚገቡት ሰዎች ውሻ አይፈልጉም። ቂሊንጦ መጋዘን የሚጠብቅ ጓደኛ አለኝ፤ እሁድ መጥቶ ይውሰደው።»

«እዚያስ ማን ያበላዋል?»

«እትዬ ዙለይኻ፣ ሲርበው ይበላላ።»

«አይበላም። እንዳይበላ ያስተማርነው እኮ እኛ ነን፤ እኔና እሷ።»

የሺዋስ ነገሩ ሲገባው አንገቱን ነቀነቀ። «እስከ እሁድ ከበላልዎት ይቆይ፤ በአጥሩ ላይ መሹለኪያ ከፍተን ወደ እናንተ ይሻገራል። ካልበላ ግን እዚህ ሲሞት ቆሜ ማየት አልችልም። እሷን ደግሜ የቀበርኩ ይመስለኛል።»

ዶክተር ለሜሳ ሲጠሩት መጣ። ሻምበል ስለተቆጣው ራቅ ብሎ ቁጢጥ አለና አስተዋለው።

«ውሃ ይጠጣል?»

«ይጠጣል።»

«እሱ ጥሩ ነው። ያደረውን ምግብ ሁሉ አንሱለት። ለስለስ ያለ ነገር በመረቅ አቅርቡለት፤ ሽንኩርትና በርበሬ ያልነካው፣ የዶሮ አጥንት የሌለበት። በግድ አፉ ውስጥ ለመክተት እንዳትሞክሩ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ደርሷል፤ ግን በዚህ አቅሙ አልወጋውም፤ መጀመሪያ ይበርታ።» ቦርሳውን አንስቶ ሊወጣ ሲል ዞር አለ። «እትዬ ዙለይኻ፣ እማማ አስካለ ሲያበሉት እንዴት ነበር?»

«እንዴት ይሆናል? ትሰጠዋለች፣ ይበላል።»

«እስቲ ያስቡት። ውሻ የለመደውን አኳኋን ይጠብቃል።»

ዙለይኻ ሱቅ ተቀምጣ ስታስብ ዋለች። አስካለ ሲመሻሽ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር ዱካ ላይ ትቀመጣለች። የሻምበልን ሳህን እግሯ ሥር ታደርጋለች። ዳቦውን ትቆርሳለች፤ ከዚያስ? ከዚያ የመጀመሪያውን ራሷ ትጎርሳለች። አንዱን ለራሷ፣ አንዱን ወደ ሳህኑ። ዙለይኻ በዚህ ስቃባት ታውቃለች።

«ከውሻ ጋር እራት ትበያለሽ እንዴ?»

«ቀጀላ ከሞተ ወዲህ እራት አብሮኝ የሚቀርብ ሌላ ማን አለ?» ብላት ነበር አስካለ። ያን ቀን አልጮኸችም፤ በልኩ ድምፅ ነው የተናገረችው።

ዙለይኻ ተነሳች፤ መልሳም ተቀመጠች። ጾም ላይ ናት። ጀንበር ሳትጠልቅ ዳቦ አትቀምስም፣ ሳትቀምስ ደግሞ ሻምበል አይበላም። የዚያን ቀን ፀሐይ ከፋብሪካዎቹ ጣሪያ በላይ ተተክላ የቀረች መሰላት። ሥጋውን ያለ ሽንኩርት ቀቀለች። ስኳር ሽታው ጠርቷት እግሯ ሥር ስትዞር የራሷን ድርሻ ሰጠቻት።

የመግሪብ አዛን ሲሰማ ቴምር ቀመሰች፣ ውሃ ጠጣች፣ ሰገደች። ከዚያ ዳቦውንና መረቁን ይዛ በአስካለ በር ገባች። ዱካውን ከማድ ቤት አውጥታ ግድግዳው ሥር አስቀመጠችው። ያጠበችውን ሳህን በእግሯ ገፋ አድርጋ ወደ ሻምበል አስጠጋች።

«እኔ ነኝ» አለችው። «ሌባዋ።»

ሻምበል ፊቱን አዞረ።

ዳቦውን ቆርሳ መረቁ ውስጥ ነክራ ጎረሰች። ጨው እንኳ የለውም። ሌላ ቆርሳ ወደ ሳህኑ ጣለች። ለራሷ ደገመች፤ ወደ ሳህኑም ደገመች። ዱላ አልያዘችም፤ «ና» አላለችውም። ውሻው ጆሮውን አቀና። የምታኝከውን አፏን አየ፣ ዱካውን አየ፣ ወደ በሩ አየ፤ በሩ ላይ የሚጮኽበት አልነበረም። ብዙ ቆየ። ከዚያ ሆዱን መሬት ላይ እየጎተተ ተጠጋና ከሳህኑ ጠርዝ አንዲት ቁራሽ አነሳ። አጣጥሞ ዋጣት። ቀና ብሎ አያት። ዙለይኻ ቶሎ ብላ ጎረሰች፤ እሱም ጎረሰ።

ሱፍያን ሊፈልጋት መጣ። «ሴትዮ፣ እራት ቤትሽ አይበላም?» ሊል አፉን ከከፈተ በኋላ ነገሩን አይቶ ባለበት ቆመ። ሻምበል ሳህኑን ልሶ እስኪጨርስ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም።

«አስካለ ይህን ብታይ ትጮኽ ነበር» አለ ሱፍያን ቀስ ብሎ።

«ሳሪስ ድረስ ነበር የሚሰማው» አለች ዙለይኻ፤ የነጠላዋንም ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች።

እሁድ የሺዋስ የአጥሩን ቆርቆሮ ቀድዶ መሹለኪያ አበጀ፤ ሻምበልም በእግሩ ተሻገረ። ከሱቁ ጀርባ ጥላ ያለበት ቦታ ተሰጠው። የዙለይኻ የስግደት ልብስ ከእሱ ርቆ፣ ከፍ ያለ ቦታ ይሰቀላል። ስኳር ከጆንያዋ ላይ ሆና ታየዋለች፤ እስካሁን አልወረደችለትም። እራቱን ከዙለይኻ ጋር ይበላል፤ የጎድን አጥንቱም መሸፈን ጀምሯል።

ለሜሳ አሁን ሊከተብ ይችላል ብሏል። ሲከተብ ግን ራሱን የሚይዝለት ሰው ያስፈልጋል። አስካለ ዓይኑን በአሮጌ ነጠላዋ ሸፍና ደረቷ ላይ ታስጠጋው ነበር። ነጠላውን ዙለይኻ ከየሺዋስ ለምና ወስዳ ሱቁ ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቅላዋለች። ክትባቱ ገና አልተሰጠም። ዙለይኻም ሻምበልን እስካሁን በእጇ ነክታው አታውቅም።