ፏፏቴው ሥር የቆመው ትራይፖድ

ባለፈው ቅዳሜ በጎጃም መንገድ ስሄድ ሱሉልታ ላይ የሚኒባሳችን ጎማ ፈነዳ። እስኪቀየር ወርደን ስንቆም፣ ከመንገዱ ማዶ ሜዳ ላይ ሙሽሮች ፎቶ ይነሣሉ። ፎቶ አንሺው ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያ፣ ትራይፖዱን፣ ተክሎ፣ አጎንብሶ በካሜራው ያያል። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። እኔ ግን መኪናውን ተደግፌ ቆምኩ።

ነገሩ ከዓመታት በፊት ነው፤ ያኔ ገና ሃያዎቹን መጀመሬ ነበር። ቶሎሳ የሚባል የቡራዩ ልጅ ጓደኛ ነበረኝ። ከሰበታ ምንጮች እስከ ሱሉልታ ፏፏቴዎች ድረስ፣ ውሃ ፎቶ ለማንሣት ያልረገጥነው ቦታ የለም። ቶሎሳ የሚወርድ ውሃን እንደ ሐር አለስልሶ ማንሣት ይችልበታል። ለዚያ ደግሞ ካሜራው ንቅንቅ ማለት ስለሌለበት ትራይፖድ የግድ ነው።

ወሩ ኅዳር ነበር። ገበሬው አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ በሚያሰፋው ማስተር ፕላን መሬቱ ተለክቶ ሊወሰድበት መሆኑን ሰምቶ ተነሥቷል፤ መንገድ ይዘጋል፣ ይተኮሳል። እናቴ እንዳልሄድ ለምናኝ ነበር። ቶሎሳ ግን ውሃው ሳይቀንስ እንድረስ አለ፤ እሱ እያለ ማንም እንደማይነካን እርግጠኛ ነበር። መንገድ ዳር ከአንዲት ሴት እርጎ ገዝተን ጠጣን። ሣሩ ገና መታጨዱ ስለሆነ ሽታው አገሩን ሞልቶታል። ዛሬም ድርቆሽ ሲሸተኝ አፍንጫዬን እሸፍናለሁ።

ፏፏቴው ሥር ትራይፖዱን እንደተከልን ዱላ የያዙ ገበሬዎች ከአፋፉ ብቅ አሉ። ሦስት እግር ያለው፣ አጎንብሰው የሚያዩበት ነገር ለእነሱ የመሬት ቀያሽ መሣሪያ ነው። ቶሎሳ ሰላምታ እየሰጠ ወጣላቸውና ልጃቸው እንደሆነ፣ የምናነሣውም ውሃውን ብቻ እንደሆነ በኦሮምኛ አስረዳቸው። የተረፍን መስሎኝ ነበር። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ፣ እኔም እንድሰማ ይሆናል፣ በአማርኛ፦

«ቀያሹስ እንጀራው ነው። አንተ የኛው ልጅ ሆነህ መንገድ ትመራቸዋለህ?» አሉት።

ቀኝ እጁን በዱላ መቱት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ወድቆም አልተዉትም። ካሜራውን ውሃ ውስጥ ወረወሩት። እኔን ግን አልነኩኝም።

የወታደር መኪና ድምፅ ሲሰሙ ተበተኑ። ወታደሮቹ ወርደው ደም የለበሰውን ቶሎሳን አገኙ፤ መታወቂያውን ተቀብለው ስሙን አነበቡ፤ መንገድ ከሚዘጉት አንዱ ነው አሉ። ጓደኛዬ እንደሆነ፣ የተደበደበውም እሱ እንደሆነ እያለቀስኩ ነገርኳቸው። አንዱ ለስለስ ባለ ድምፅ፦

«አይዞሽ እህቴ፣ አትፍሪው። ከእንግዲህ አይነካሽም» አለኝ።

በተሰበረው እጁ ጎትተው መኪና ላይ ጫኑት።

ማስተር ፕላኑ ቀርቷል የተባለው ቶሎሳ ገና እስር ቤት ሳለ ነው። ሲፈታ ቡራዩ ሄድኩ። እናቱ በር ላይ ቆመው፣ እኔ ስመላለስ የሚያዩ ሰዎች ደግመው እንዳያስይዙት እንደሚፈሩ ነገሩኝ፤ ሁለተኛ እንዳልመጣ ለመኑኝ። ቶሎሳ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ይሰማን ነበር። አልተነሣም።

ቶሎሳ አሁን ዓለም ገና ከተማ የቤት ቀለም ይሸጣል፤ አግብቷል ይባላል። ገበሬዎቹ የመቱት ለመሬታቸው ብለው ነው። ወታደሮቹ የወሰዱት ለእኔ ብለው ነው። እናቱም በር ላይ ያስቀሩኝ ለልጃቸው ብለው ነው። በየተራ ሳስባቸው አንዳቸውንም ጨርሼ መጥላት ያቅተኛል፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ ይከፋኛል። በቅርቡ ለቅሶ ቤት ያገኘችው የጋራ ጓደኛችን እንደነገረችኝ፣ ቶሎሳ ከሰው ራቅ ብሎ ተቀምጦ፣ በግራ እጁ ይጎርሳል።