የፍየሏ ጥፋት

ልብስ ሰፊዋ የአራት ዓመት ልጇን ከመዋዕለ ሕፃናት ልትወስድ ስትሄድ መምህርቷ በር ላይ ጠበቀቻት። ፈገግ ብላለች፤ ፈገግታው ግን እናትየውን አላማራትም።

«የሚጢጢ እናት፣ አንድ ነገር ላጫውትዎት። ሚጢጢ ሰሞኑን እርሳስ ከንፈሯ መሃል ትይዝና፣ ጥርሷን ገጥማ ልጆቹን ታባርራለች። ‹አትንኪ! ዞር በይ! በኋላ!› ነው የምትላቸው። አሁን አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ።»

ሰፊዋ ክው አለች። ቶሎ ግን ጥፋተኛውን አገኘች።

«ይቺ ፍየል ናት!»

«የቷ ፍየል?»

«የካርቱኗ ናታ! ድስት ደፍታ የምትዞረው። የልጄን ጭንቅላት በላችው እኮ!»

መምህርቷ ሳቋን ዋጥ አደረገች።

ፍየሏን ወደ ቤት ያስገባቻት ራሷ ሰፊዋ ነበረች። የልብስ ስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ነው፤ ልጅቱ ደግሞ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጣ መቀስ መቀሱን ታያለች። ፍየሏን ስልኩ ላይ ከፍታ ስትሰጣት ግን ጸጥ ትላለች። ያን ቀን መንገዱን ሙሉ እናትየው በልቧ ስትጸልይ መጣች። «ጌታዬ፣ ስንት ዓመት ለምኜህ የሰጠኸኝን ልጅ፣ ለሥራዬ ብዬ ለፍየል አሳልፌ ሰጠኋት። ይቅር በለኝ።»

ቤት እንደገቡ ካርቱኑን ከለከለቻት። ልጅቱ ቤቱን በለቅሶ አናጋችው። ሹፌሩ ባሏ ከሥራ ሲመለስ ገና ታለቅሳለች።

«ምን ሆና ነው የምትነፋረቀው?»

«ፍየሏን ከልክያት ነው። ልጅህን ባለጌ አደረገቻት።»

«አንቺ አይተሻት ታውቂያለሽ?»

«በስፌት መኪናው ድምፅ መሃል እሰማታለሁ።»

«አይ ያንቺ ነገር! ዳኛ ብትሆኚ ኖሮ ስንቱ ሳይጠየቅ ይታሰር ነበር!»

ነገሩ ከነከናት። በማግስቱ ቅዳሜ ነበርና የጀመረችውን ቀሚስ ወንበር ላይ ጣል አድርጋ፣ ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ያቺን ክፉ ቃል ፍለጋ ስልኩን ከፈተች። ፍየሏ ድስቷን ጭንቅላቷ ላይ ደፍታ ድስቷን ትፈልጋለች። አልጋ ሥር ገባች፤ የለም። ጉድጓድ ውስጥ ወደቀች፤ የለም። ያደናቀፋትን ድንጋይ «ይቅርታ ድንጋይዬ፣ አመመህ?» ብላ ጠየቀችው። እናትየው ጆሮዋን አቁማ ብትጠብቅም አንድም ክፉ ቃል አልመጣም። ፍየሏ ጎንበስ ስትል ድስቱ እስከ አገጯ ሲወርድባት ግን እናትየው ሳታስበው በሳቅ ፈነዳች።

ሚጢጢ ስልኩን ትታ ወደ እናቷ አፍ ዞረች። በትንሿ ጣቷ የእናቷን ከንፈር ነካ አደረገችና፦

«እማዬ፣ ስፒሎቹስ?» አለቻት።

ሰፊዋ ልብስ ስትለካ ሁለት እጇ ስለሚያዝ ስፒሎቹን በከንፈሯ ትይዛለች። ሥራውን ስትማር እንዲሁ አይታ ነው የለመደችው። ስፒል የያዘ አፍ አይከፈትም፤ ረጅም ነገርም አይናገርም። መቀሱን ለነካች «አትንኪ»፣ ብርሃኑን ለከለለች «ዞር በይ»፣ ለቀረው ሁሉ «በኋላ»።

«ትምህርት ቤት እርሳስ የምትይዢው ለምንድነው?» አለቻት፣ መልሱን እየፈራች።

«አንቺን ሆኜ ስጫወት ነዋ!»

ሰፊዋ ቀና ብላ ልጇን ማየት አቃታት። ፍየሏስ ድንጋይን እንኳ ይቅርታ ትጠይቃለች።

«የኔ እናት» አለች፤ «‹በኋላ› ካልኩሽ ውስጥ የምታስታውሺው አለ?»

«ብዙ ነው እኮ!»

«አንዱን ንገሪኝ እስቲ።»

ልጅቱ አሰበች። «ልጆቹ ለምን አጠገቤ እንደማይቀመጡ ልጠይቅሽ ነበር።»

እናትየው እቅፍ አደረገቻት። «በእኔ ምክንያት ነው።»

«አንቺ እኮ እዚያ የለሽም!»

እናትየው ሰኞ አብራት ክፍል ገብታ ለመምህርቷ እውነቱን ለመናገር፣ ለልጆቹም ጨዋታውን ለማስረዳት ቆረጠች። ለጊዜው ግን ፈጣሪዋን አመሰገነች፤ ልጅቱ መጠየቅ ገና አልሰለቻትም። ቀሚሱ ወንበሩ ላይ እንደተጣለ ነው።

«ሌላስ?» አለቻት።