መንገዱን ቀድሞ የሚረግጥ ቤተሰብ

ቶኩጂ ተራራማ መንደሩን ከሂሮሺማ ከተማ ለሚያገናኘው ፈጣን መንገድ ሠላሳ አንድ ዓመት ደጅ ሲጠና ኖሯል። ከቤት ቤት እየዞረ ፊርማ ለቅሟል፤ በየዓመቱ ቶኪዮ ድረስ እየሄደ ለባለሥልጣናት እጅ ነስቷል። ለመንደሩ ነው ይበል እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ለአንድ ልጁ ነበር። ኩኒሂኮ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ወደ ሂሮሺማ ሲሄድ፣ «መንገዱ ሲከፈት ተመልሼ ከእናንተ ጋር እኖራለሁ» ብሎት ነበር። ሰውዬው ይህቺን ቃል ይዞ አረጀ።

ልጁ ጨርሶ አልጠፋም። በየነሐሴው፣ ሙታን በሚታሰቡበት ሰሞን፣ ጠመዝማዛውን ተራራ አምስት ሰዓት ነድቶ ይመጣል። ደክሞት ስለሚደርስ ሦስት ሌሊት ያድራል፤ አባትና ልጅ ሳኬ እየተጎነጩ ያመሻሉ። ለቶኩጂ ዓመቱ ማለት እነዚያ ሦስት ሌሊቶች ነበሩ።

መንገዱ አለቀ። በአገሩ ልማድ አዲስ መንገድ ቀድሞ የሚረግጠው በአንድ ጣራ ሥር የሚኖር የሦስት ትውልድ ቤተሰብ ነው። ቢፈለግ ቢፈለግ፣ በመንደሩ እንዲህ ያለ ቤት ጠፋ።

«ጋሼ፣ እዚህ ከነልጅ ልጆቻቸው የሚኖሩት የዱር አሳማዎቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱን እንጋብዝ እንዴ?» አለ ጎረቤቱ ኢዋኦ።

«የኔ ልጅ ጠቅልሎ ሊገባ ነው! እኛ እንረግጠዋለን» አለ ቶኩጂ አፉን ሞልቶ። ልጁን ግን ለምረቃው ጠራው እንጂ፣ ስለ መመለሱ አልጠየቀውም። የተገባ ቃል ምን ይጠየቃል?

በምረቃው ዕለት ቶኩጂና ሚስቱ ሱኤኖ፣ ኩኒሂኮና ሚስቱ፣ ትንሿ ልጃቸው ኮቶኔም፣ ሕዝብ እያጨበጨበላቸው አስፋልቱን ረገጡት። ሽማግሌው ወደ ልጁ ዞረ።

«ክፍላችሁን አሳድሻለሁ» አለው ልጁን።

«የምን ክፍል፣ አባዬ?»

«የምትኖሩበት ነዋ! መንገዱ ሲከፈት እመለሳለሁ አላልክም?»

ኩኒሂኮ ሊስቅ ጀምሮ የአባቱን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠ። «እንዴ አባዬ፣ ያኔ እኮ ልጅ ነበርኩ። ደግሞ አሁን ምን ችግር አለ? ሁለት ሰዓት ነው፤ ደርሶ መልስ!»

«ለዛሬ እንኳ እደሩ እንጂ፣ ራት ሠርቻለሁ» አለች ሱኤኖ።

«ኧረ እማዬ፣ ለሁለት ሰዓት መንገድ ማን ያድራል?»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄዱ። ቶኩጂ ከአጥሩ ሥር ቆሞ መኪናዋን በዓይኑ ሊሸኝ ቢሞክርም፣ መንገዱ ፈጣን ነውና ወዲያው ተሰወረችበት። ሠላሳ አንድ ዓመት የለመነው ይህንን ነበር። በገዛ እጁ ነው፤ ማንን ይወቅሳል?

«ለነሐሴስ ይመጣሉ አይደል?» አለች ሱኤኖ።

«ይመጣሉ» አላት። «ለምሳ።»