ያልተጋገሩት አምስት ጨርቆች

በዚያ አርብ ጠዋት፣ አርብ ገበያ ከተማ ከእህል ተራው ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የነበርነው ስምንት ሰዎች ነን። ስም አልጽፍም፤ ሁሉም ራሱን ያውቃል። ከበሩ ልጀምር። በሩን ተደግፎ የቆመው ከወረዳ የመጣው ባለሙያ ነው፤ ደብተሩን በብብቱ ይዟል። ከእሱ ቀጥሎ የማኅበራችን ሊቀ መንበር፣ በኤሌክትሮኒክስ ዲፕሎማ ያለው፣ ለዕለቱ ክራቫት ያሰረ። ከዚያ እትዬ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደጣለች። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር። ከስማዳ በኩል የመጡ ገበሬ ባልና ሚስት፣ ሁለቱም ደረታቸውን የሚያፍናቸው። አግዳሚው ላይ የኔታ፣ ከቤተ ልሔም ድጓ ትምህርት ቤት የመጡት መምህር፤ እሳቸውም አስም አለባቸው። ስምንተኛው እኔ ነኝ። መሬት ላይ ተንበርክኬ ሽቦ አገናኝ ነበር።

ከባለሙያውና ከእኔ በቀር ስድስቱም ደረታቸው ላይ ቀበቶ ታጥቀዋል። የታጠቀው ሰው ሲተነፍስ ቀበቶው ላይ ያለች ቀይ መብራት ብልጭ ትላለች። ስድስቱ ቀበቶዎች እኩል ከሠሩ ወረዳው ሼድ ይሰጠናል ተብሏል፤ የራሱ ቆጣሪ ያለው፣ በሩ የሚቆለፍ፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ። ያን ሼድ የፈለግሁትን ያህል ሌላ ነገር ፈልጌ አላውቅም።

እኔ ትምህርት ያቆምኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግን ነበር። ስልክ ኢንተርኔት ሲጀምር ማታ ማታ ሳይሆን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ደንበኛ በማይመጣበት፣ እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ አነብ ነበር። አንድ ቀን ስለ ናኖ ፋይበር አነበብኩ። ከፀጉር መቶ እጥፍ የሚቀጥን ክር ነው፤ በእጅ አይፈተልም፣ በኃይለኛ ኤሌክትሪክ ከፈሳሽ ይሳባል። በሌላ አገር ሰዎች ከልብስ ጋር አድርገው የሚለበስ መሣሪያ ይሠሩበታል።

ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ድር ለማጠንከር የሚጠቀሙበትን ነጭ ዱቄት አንድ ሹፌር አመጣልኝ። በሙቅ ውኃ ሳማስለው እንደ ወፍራም አጥሚት ሆነ። ባለ መርፌ ሲሪንጅ ውስጥ ሞላሁት፤ ከአሮጌ ቴሌቪዥን ያወጣሁትን ትራንስፎርመር መርፌው ላይ አገናኘሁ፤ ፊት ለፊቱ ፎይል ዘረጋሁ። ክሩ ለዓይን አይታይም። ከግማሽ ቀን በኋላ ግን ፎይሉ ላይ መዳፍ የሚያህል፣ የእንቁላል ውስጠኛ ሽፋን የመሰለ ስስ ነገር ተኝቶ ነበር። ከአሮጌ ባትሪ የወጣ ከሰል ፈጭቼ በአልኮል በጥብጬ ቀባሁት። ሲለጠጥ በውስጡ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይለዋወጣል፤ መብራቷን ብልጭ የሚያደርጋት ይህ ነው።

አንድ ጉድለት ነበረው። ጥሬው ጨርቅ ውኃ ሲነካው ይሟሟል። ቆርቆሮ ላይ ወጥሬ ዳቦ ቤቱ ምድጃ ውስጥ ስከተው ግን ውኃ ይችላል። ይህን ያወቅሁት በስምንተኛው ሙከራ ነው። ቶሎ ከወጣ ይሟሟል፤ ከዘገየ ይጠቁርና ይሰባበራል። አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው ልኩ፣ ዳቦው ወጥቶ ፍሙ ሲበርድ።

በዚህ መንገድ የተሠራው የመጀመሪያው ቀበቶ የአስም ሕመምተኞችን ትንፋሽ ለመከታተል ሰባት ሳምንት ጤና ጣቢያ ውስጥ አገልግሏል። ሊቀ መንበሩ እሱን ይዞ ወረዳ ሄደና «ስድስት አድርጉት» የሚል ቃል ይዞ ተመለሰ።

አንዱን ስድስት ማድረግ ስድስት ጊዜ መድገም አይደለም። አምስት መርፌ ደርድሬ ሞከርኩ። ክሮቹ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ የዳርና ዳሩ ሸሽተው ግድግዳው ላይ ያርፋሉ። ግድግዳዬ ሻሽ ለበሰ፣ ፎይሌ ባዶ ቀረ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ካለፈ በኋላ እናቴ ጥጥ ከፍሬው የምትዳምጥበትን የብረት ዘንግ አየሁት። ተውሼ፣ ዱቄቱ በሟሟበት ገንዳ ውስጥ ግማሽ እየጠለቀ እንዲሽከረከር ከአሮጌ ቴፕ ከወጣ ሞተር ጋር አያያዝኩት። መርፌ የለም፤ ክሩ ከብረቱ ሙሉ ቁመት ላይ ተነሣ። በአንድ ከሰዓት የአንገት ልብስ የሚያህል ጨርቅ ወጣ።

ምድጃው ግን እዚያው ነው። አንድ ቆርቆሮ ብቻ ይይዛል፤ ዳቦ ጋጋሪውም በቀን አንዴ ብቻ ነው የሚፈቅድልኝ። ለሰኞ የተባለው የባለሙያው ጉብኝት ለአርብ ሲቀደም ረቡዕ ከሰዓት ሆኖ ነበር። አምስት ጨርቅ፣ አምስቱም ጥሬ። ክፍሉ ውስጥ ሦስታችን ነበርን፤ ሊቀ መንበሩ፣ እትዬና እኔ።

«ካልተጋገረ ውኃ አይችልም» አልኩ።

«አርብ ዕለት ማን ሊያጥበው ነው፣ ፕሮፌሰር?» አለ ሊቀ መንበሩ። ሲያሾፍብኝ እንዲህ ነበር የሚጠራኝ።

እትዬ ከሲንጀር መኪናዋ ቀና ሳትል፣ «ቂጣ ነው እንዴ ልጄ የምትጋግረው? አምጣው ልስፋው፣ ገበያ ደርሶብኛል» አለችኝ።

ሰጠኋት። ደብተሬ ላይ የሚያሠጋውን ጽፌያለሁ፤ ደብተሩ አሁንም አለኝ። ዝናብ፣ ወሩ የበጋ ነው። ላብ፣ ከውስጥ ላስቲክ ይሰፋበታል። እጥበት፣ የለም። ጠበል አልጻፍኩም። ተወልጄ ያደግሁት በጠበል ነው፤ ግን እኛ አገር ጠበልን ውኃ ብሎ የሚቆጥር ሰው የለም፣ እኔም አልቆጠርኩም።

አርብ ስድስቱም መብራቶች በሩ። የመጀመሪያውን፣ የተጋገረውን፣ የታጠቁት የኔታ ናቸው፤ ሲስተር ጤና ጣቢያ የለመዱትን ብላ ሰጥታቸው። ባለሙያው በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ፤ ስድስት። ብዕሩን አወጣ። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው «የኔታ፣ እስቲ ይባርኩልን» አለ።

«ይገባል እንጂ» አሉ የኔታ። «አዲስ ነገር ሳይባረክ ገላ ላይ አይውልም።» ከእግራቸው ሥር ያለችውን ትንሽ ቢጫ ጀሪካን ከፈቱ። እኔ ያወቅሁት ጠብታው ማጅራቴ ላይ ሲያርፍ ነው። ቀና ስል በመዳፋቸው ሙሉ ከደረት ደረት ይረጩ ነበር፣ የራሳቸውንም ጨምረው። የገበሬው ሚስት ነጠላዋን ገልጣ «እዚህ ላይ ይጨምሩልኝ አባቴ» አለች። ጨመሩላት።

መጀመሪያ የጠፋው የእሷ ነው። ከዚያ የባሏ። ከዚያ ሦስቱ ተከታትለው። እትዬ እጇን ከቀበቶዋ ሥር ሰዳ አወጣችና ጣቶቿን አየች። «ምነው፣ ይሄ ልጅ ተልባ ነው እንዴ ያስታጠቀን?»

ባለሙያው ብዕሩን ኪሱ መለሰ። «ለተልባ እንኳ ሼድ የለንም።»

ሊቀ መንበሩ ክራቫቱ ሥር የሚንጠባጠበውን በመሐረብ እየጠረገ፣ «የጨርቁ ሥራ የእሱ ነው» አለ፣ ወደ እኔ ሳያይ።

የየኔታ መብራት ግን ብልጭ ማለቷን አላቆመችም። ገበሬው መብራቷን አየና ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ሚስቱ ግን አልቀረበችም። የጠፋ ቀበቶዋን እንደያዘች፣ «የሳቸው በራ፣ የእኛ ጠፋ» አለች ቀስ ብላ። «ያለ ኃጢአት አይደለም።» ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ወጣች። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፦ የሳቸው ተጋግሯል፣ የአንቺ አልተጋገረም። ይህን ብል ግን ጥሬ ጨርቅ ለጉብኝት ማቅረባችንን ባለሙያው ይሰማል። የሼዱ ተስፋ ገና ያልሞተ መስሎኝ ነበር። አጎንብሼ ሽቦዬን መጠቅለል ያዝኩ።

በሳምንቱ የኔታ ቀበቶውን ሊመልሱ መጡ። «ልጄ፣ የኔ ብቻ ለምን ሳይጠፋ ቀረ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ብትነግረኝ ግንባራቸውን ብቻ እቀባላቸው አልነበረም?»

«አላሰብኩትም፣ የኔታ።»

«ያቺን ሴትዮስ ነገርካት?»

ከዚያ በኋላ ብዙ አርብ ከስማዳ የሚመጡትን ባለ አህዮች እየዞርኩ ፈልጌያታለሁ። አላገኘኋትም።

ሼዱ ለሌላ ማኅበር ተሰጥቶ ዛሬ የብረት በር ይበየድበታል። ሊቀ መንበሩ ከተማ ገብቶ ተቀጥሯል። ብረቱን ለእናቴ መልሻለሁ፤ ጥጥ ትዳምጥበታለች። ዳር ዳሩ ላይ አሁንም የማይለቅ ነጭ ነገር አለው።

ይህን የጻፍኩት እኔ ካየሁበት ቦታ ነው፤ ያየሁትም ተንበርክኬ ነው። እዚያ የነበራችሁ የጎደለውን ጨምሩ። ሲስተር፣ «ይባርኩልን» ያለው ማን ነበር? ባልና ሚስቱ የየትኛው ቀበሌ እንደሆኑ በጤና ጣቢያ ካርዳቸው ላይ ተጽፎ ይሆን? እትዬ፣ ረቡዕ ዕለት ሲንጀርሽ እየጮኸ ነበር። ካልተጋገረ ውኃ አይችልም ማለቴን አስታውሳለሁ፤ ምን ያህል ጮክ ብዬ እንዳልኩት ግን አላስታውስም። ሰምተሽኝ ከነበረ ንገሪኝ። ካልሰማሽም ንገሪኝ።