«ታማለች» ያልኳት ሐሙስ

ልጅ በጉዲፈቻ ለመውሰድ ያሰቡ ባልና ሚስት ዛሬም ቤቴ ይመጣሉ። «ምን ምን ማወቅ አለብን?» ይሉኛል። ስለ ልጅቷ ምግብ ይጠይቃሉ፣ ስለ ሽማግሌ፣ ሌሊት ታለቅስ እንደሆነ። እነሱ ሲያወሩ እኔ ሁለት ሦስት ጊዜ ተነስቼ ወደ በሩ አያለሁ። ቀኑ ሐሙስ ከሆነማ ጭራሽ መቀመጥ አልችልም። ስንት ዓመት አለፈው፣ አልለቀቀኝም።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። እኔና ባሌ ከወሎ ወጥተን ጅማ ገባን፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ቤት ተከራየን። እሱ ልብስ ሰፊ ነው፤ መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥቶ ቀኑን ሙሉ ሲረግጥ ይውላል። ዘጠኝ ዓመት ልጅ ጠበቅን። ሰርግ ተጠርቼ «ወላድ በድባብ ትሂድ» ሲባል ከሁሉም በላይ የማጨበጭበው እኔ ነበርኩ፤ ሰው ፊቴን እንዳያይብኝ።

በመጨረሻ ጎረቤታችን፣ እዚያው ጅማ ተወልደው ያረጁ ቡና ነጋዴ፣ አሰንዳቦ ወዳሉ ዘመዶቻቸው ወሰዱን። ሰባት ልጆች ያሏት ሴት የመጨረሻዋን፣ ገና መራመድ የጀመረችውን፣ ልትሰጠን ፈቀደች። የአገሩ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መረቁን። «ደግ ብትሆን የእናንተ ናት፣ ክፉ ብትሆንም የእናንተ ናት» አሉን። አንድ ቃል ብቻ አስገቡን፤ በየአረፋው እናቷ ዘንድ ልናመጣት። ባሌ «ኢንሻአላህ» አለ፣ እኔም አልኩ። እናትየዋ የልጅቱን አናት ቅቤ ቀብታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። አላለቀሰችም። እኔን ያስፈራኝ ያ ነው። አልቅሳ ያልወጣላት ሴት ነገ ሐሳቧን ትለውጣለች ብዬ ደመደምኩ፤ ማን እንደነገረኝ እንጃ።

ከዚያ በኋላ እረፍት የሚባል አጣሁ። ልጅቱ ስትስቅ ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ ወደ በሩ አያለሁ። ደጅ ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እነሳለሁ። አገሬ ጥጃ ጡት የሚያስጥሉት ከላሟ አርቀው ነው፤ እኔም ልጅ ሰው የሚለምደው እንደዚያ መስሎኝ ነበር። «የወለድኩሽ እኔ ነኝ» እያልኩ አሳደግኳት።

አረፋ ሲደርስ መንገዱ ጭቃ ነው አልኩ። ባሌ ተቆጣ።

«ቃል ገብተናል እኮ!»

«አስር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ የምትለው አንተ አይደለህ? እኔም ገና እየለካሁ ነው» አልኩት። ሳቀና ተወኝ። ባይስቅ ይሻል ነበር።

በሁለተኛውም አረፋ ስንቀር እናትየዋ ራሷ መጣች። ሐሙስ የጅማ ገበያ ነው፤ በኮባ ቅጠል የጠቀለለችውን ቅቤ ይዛ ከመንገዱ ጫፍ ብቅ ስትል አየኋት። ልጅቱን በአጥር ላይ ለጎረቤት ሴት አቀበልኳትና በሩ ላይ ቆምኩ።

«ተኝታለች» አልኳት።

«ሃ ራፍቱ፣ ትተኛ» አለች፤ ቅቤውን አስቀምጣልኝ ሄደች። በቀጣዩ ሐሙስ መጣች፤ አሁንም ተኝታለች አልኳት። በሦስተኛው ሐሙስ ተኝታለች ማለት አሳፈረኝና፣ «ታማለች» አልኳት። አየችኝ። ብዙ አየችኝ። ቅቤውን ሰጠችኝና ተመለሰች። በአራተኛው ሐሙስ ስታንኳኳ፣ ልጅቱን አቅፌ አፏን በእጄ ይዤ፣ አልከፈትኩም። ልትወስዳት ነው እንጂ ሌላ ምን ያመላልሳታል? ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይሉ የለ፤ እኔ ደግሞ የልጄን እናት አላመንኩም።

አሁን ሳስበው የሚገርመኝ፣ መርዶ እንዴት እንደሚነገር አለማወቄ አይደለም። አውቃለሁ። ወሎም ጅማም ያው ነው፤ ሰው ሲሞት ለዘመዱ በአንዴ «ሞተ» አይባልም። መጀመሪያ «ትንሽ አሞታል» ይባላል፣ ከዚያ ሰው ዝም ይላል፣ ከዚያ ሽማግሌ ይላካል። እኔ በገዛ አፌ ታማለች አልኩ፣ ቀጥዬ በር ዘጋሁ። የቀረው ለቅሶው ብቻ ነበር።

ለሚጠይቁኝ ሰዎች የምለው ይኼንኑ ነው። የወለደቻትን ቤት መንገድ ጠንቅቃችሁ ካልተማራችሁ፣ ልጅቱን ለመውሰድ አትቸኩሉ። አፍ ከመፍታቷ ጀምሮም እውነቱን ንገሯት። የሚሰማኝ ጥቂቱ ነው፤ ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ ገንፎ ነው።

በሩን በዘጋሁባት ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከደጅ የለቅሶ ድምፅ ሰማሁ። ማን ሞተ ብዬ ነጠላዬን እያጣፋሁ ወጣሁ። ለካ ወደ እኔ ቤት ነው የሚመጡት። እናትየዋ ወገቧን በሻሽ አስራ፣ ሁለት ሴቶች ደግፈዋት፣ ከኋላ ሽማግሌዎች። ለቡና ግዢ ወር ሙሉ ገጠር ሰንብተው የተመለሱት ጎረቤታችን ቡና ነጋዴው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቀደሙ።

«አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስብሽ ለእኔ እንኳ አትነግሪኝም? መቼ ቀበራችኋት?»

«ማንን?» አልኩ።

እናትየዋ በለቅሶ በተዘጋ ድምፅ በኦሮምኛ ተናገረች። ቡና ነጋዴው በአማርኛ መለሱልኝ፤ «ልወስዳት አልመጣሁም፣ የሰጠሁትን አልወስድም። መቃብሯን ብቻ አሳዪኝ ነው የምትልሽ።»

ይህን ሲሉ ልጅቱ ከጓዳ ወጣች። የባሌን ባዶ የክር እንጨት በገመድ እየጎተተች። ከሴቶቹ አንዷ «ያ ረቢ!» ብላ ጮኸች። እናትየዋ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለችና ሁለት እጇን ዘረጋች።

ልጅቱ ግን ፈራቻት። ሮጣ መጥታ ቀሚሴ ውስጥ ተሸሸገች።

ሁለት ዓመት የለፋሁት ለዚህ ነበር፤ ይኸው ሆነልኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ከቀሚሴ ውስጥ እጇን ይዤ አወጣኋት።

«ሂጂ። የወለደችሽ እሷ ናት። እናትሽ ናት» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺስ?» አለች።

እኔ፣ አፍ ተርፎኝ ባሌን የማስመርር ሴት፣ ዞሬ ከስፌት መኪናው የተነሳውን ባሌን አየሁት። የመለሰችላት ያቺ ልታለቅስላት የመጣችው ሴት ናት፤ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች፣ በተሰባበረ አማርኛ።

«እሷም እናት። ሁለት። ነይ፣ ቅቤ ልቀባሽ።»

ልጅቱ ሄደችላት፤ እጄን ግን አልለቀቀችም። እኔም እየተጎተትኩ ሄጄ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።