ወኪሉን «የለም» ያልኩት የልጄ ሕመም

መጀመሪያ ያበጠው ጉልበቷ ነው። ልጄ ፈርዶስ ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር። የጉሮሮ ሕመሟ ተሻላት ብዬ ሳልጨርስ ጉልበቷ አበጠ፣ ከዚያ ክርኗ። ሐኪሙ ደረቷን ደጋግሞ አዳመጠና «ሩማቲክ ፊቨር ነው፤ ልቧንም ነክቷል። በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ትወጋለች፤ አንድም እንዳያልፋት» አለኝ።

አንድም አላለፋትም። ግን እዚሁ ጭሮ፣ ሰፈራችን አጠገብ ጤና ጣቢያ እያለ፣ በሚኒባስ ሂርና ድረስ እየወሰድኩ ነበር የማስወጋት። ጭሮ ሰው ሁሉ ያውቀናል። የልብ ሕመምተኛ ናት ከተባለች ስታድግ ማን ሽማግሌ ይልክላታል ብዬ ፈራሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ «አክስቷን ልንጠይቅ ነው» እል ነበር። ሂርና አክስት የላትም።

አሥራ ስምንት ሲሞላት የነጋዴዎች ማኅበራችን ለአባላቱ ቤተሰቦች የጤና ኢንሹራንስ አመጣ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ ወኪሉ ሱቃችን መጥቶ ቅጹን ጮክ ብሎ ያነብልኝ ጀመር። ስኳር የሚያስመዝኑ ሁለት ሴቶች ቆመዋል።

«የፈርዶስ እናት፣ ከቤተሰቡ ከዚህ በፊት የታወቀ ሕመም ያለበት ሰው አለ? ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ልብ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ የለም።»

አንደኛዋ ሴት ሳቀች። «የባሏ በሽታ ጫት ነው፤ እሱን ጻፍላት።»

ሁላችንም ሳቅን። ፈረምኩ።

በዓመት ከአራት ወሩ ፈርዶስ ዳገት መውጣት አቃታት። ተጋድማ መተኛት አቃታት። ስታስል ደም ወጣ። አዲስ አበባ ወሰድናት። ሐኪሟ ልቧን በኢኮ አይታ «ሚትራል የሚባለው የልቧ ቫልቭ ጠቧል፤ በደም ሥር በሚገባ ፊኛ መከፈት አለበት» አለች። «ከመቼ ጀምሮ ነው የታወቀው?»

ባሌ፣ ኢንሹራንሱ የሕክምና ካርዷን ያያል ብሎ እንዳልናገር አስጠንቅቆኛል።

«እናቴ፣ ካልነገሩኝ በግምት ላክማት ነው።»

የተናገረችው ፈርዶስ ናት፣ በሚቆራረጥ ትንፋሽ። «ኡሚ፣ ይበቃል። ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ ነው፣ ዶክተር። ሂርና ነው የምወጋው።»

ሐኪሟ ጻፈችው። ኢንሹራንሱም ካርዱን አይቶ፣ የታወቀ ሕመም ስለተደበቀ አልከፍልም አለ። ቢሮአቸው ሄጄ ለመንኩ። የተቀበለኝ ሰው አልተቆጣኝም። «ብትነግሩን ኖሮ ለዚህ ሕመም የአንድ ዓመት መጠበቂያ ጊዜ ይጻፍ ነበር እንጂ ጨርሶ አይከለከልም። ዓመቱ ደግሞ አልፏል» አለኝ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም።

ከኪሳችን የምንከፍለው ስላልነበረን ሕክምናው በነጻ የሚሰጥበት ቦታ ተራ ያዝን። ተራው ራቀ። በአምስተኛው ወር አንድ ጠዋት ልትታጠብ ስትል ጣሳው ከእጇ ወደቀ። አፏ ተጣመመ። ልቧ ውስጥ የረጋ ደም ወደ አንጎሏ ሄዶ ነው አሉን። ስትሮክ።

ቫልቩ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ቆይቶ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን በየቀኑ እየዋጠች፣ ደሟን በየወሩ እያስመረመረች፣ መጀመሪያ ከአልጋዋ እስከ በሩ፣ ቀጥሎ እስከ ጎረቤት፣ ዘንድሮ ደግሞ እስከ ገበያው ድረስ ሳታርፍ መሄድ ችላለች። ቀኝ እጇ ግን የሸሚዝ ቁልፍ አይቆልፍም። ትምህርቷም እንደቆመ ነው።

ሐኪሟንና ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የወጋቻትን የሂርናዋን ነርስ አላህ ይክፈላቸው። ልጄንም አመሰግናታለሁ፤ ባሌ «ምን አስቸኮለሽ?» እያለ ሲወቅሳት ከርሟል፣ እኔ ግን መናገር የነበረብኝ እኔ እንደነበርኩ አውቃለሁ።

ቅጽ የምትሞሉ እናቶች፣ ወኪሉ በሰው ፊት ማንበብ ከጀመረ ወደ ጓዳ አስገቡት፣ ወይም ሌላ ቀን ቅጠሩት። የሕክምና ካርዱን አውጡለት። ሕመሙን ከነስሙ ያስገባው። መጠበቂያው ስንት ወር እንደሆነ፣ ጨርሶ የማይሸፈነውስ ምን እንደሆነ ጠይቁት፤ የጻፈውንም ሳትፈርሙ በፊት መልሶ ያንብብላችሁ። ማንበብ አልችልም ብላችሁ አትፈሩ፤ እኔን የጎዳኝ አለማንበቤ አይደለም።

ይህን ሳስጽፍ የፈርዶስን ስም ልተወው ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ከደበቅሽውማ ለምን ታስጽፊዋለሽ?» አለችኝ።